አፌን የፈታችው ጊደር

እናቴ ከሐሙሲት ወደ ቁሐር ሚካኤል ስትድረኝ የሰጠችኝ ምክር አንድ ነው፦ «አማትሽ ፊት ድምፅሽ እንዳይሰማ። ዝም አይነቅዝም።» ኧረ ይነቅዛል! እኔ አይቼዋለሁ።

ያኔ ምራት የባሏ አባት ጊደር ሰጥተው «ተናገሪ» ካላሏት በቀር ፊታቸው ትንፍሽ አትልም። አማቴ ንፉግ ሆነው አይደለም፤ ጊደሯን ለመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ብለው ነው ያቆዩዋት። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ የምፈልገውን ለባሌ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያደርስልኛል። ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቤት ስንኖር ድምፄን አያውቁትም።

በዚያ ክረምት ሜዳውን ውሃ ሲውጠው ባሌ ከብቱን ይዞ ወደ ደረቁ ወጣ። እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ንዳድ ጣለኝ። አማቴ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው ጋቢያቸውን መኝታችንን ከሚለየው መጋረጃ በላይ ወረወሩልኝ። ንዳድ ለእኛ ለፎገራ ሰዎች የክረምት እንግዳ ነው፤ ሲያልባት ይለቃታል ብለው ጠበቁ።

በሁለተኛው ቀን ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ መንፈራገጡን ተወ። ለማን ልንገር? እርሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ዳዊት ይደግማሉ፤ ሦስት ክንድ አይርቁም። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አሳዳጊ የበደላት እንዳልባል ፈራሁ። ወይ ሞኝነቴ!

ትኩሳቱ አልለቅ ሲል በማግሥቱ በበቅሎ አስቀምጠው ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። እርሳቸው በእግራቸው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለኝ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር። በነጠላዬ ተሸፈንኩ።

«ንዳድ ነው» አሉ አማቴ።

«አባቴ፣ እሷን ነው የጠየቅኩት። ዲዳ ናት እንዴ?»

«ዲዳማ አይደለችም። ጨዋ ናት» አሉት ኮራ ብለው።

ድሬሰሩ መርፌውን ሲያዘጋጅ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። አማቴ አዩኝ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሐኪሙ ምስክሬ ይሁን፤ ቡሬዋን ጊደር ሰጥቼሻለሁ። ተናገሪ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ልጁ ከትናንት ጀምሮ አይንቀሳቀስም» አልኩ። ከእኔ የሰሙት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ድሬሰሩ የእንጨት መስሚያውን ሆዴ ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። ቦታ ቀይሮ ደግሞ አዳመጠ። «ትናንት ብትመጡ ኖሮ…» ብሎ ተወው።

ጤና ጣቢያ በገባሁ በሦስተኛው ቀን እዚያው ተገላገልኩ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። አንድ ቀን ቀድሜ ብናገር ይተርፍ ነበር ወይ? እሱን እግዜር ያውቃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስንመለስ አማቴ በቅሎዋን እየሳቡ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «የኔም ነው፣ አባባ» አልኩ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ አወራን፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ሟች ሚስታቸው፣ ስለ ልጁ። ዓመት ከመንፈቅ ያልተወራውን ሁሉ በአንድ መንገድ ጨረስነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለታናሹ ልጃቸው ሙሽራ መጣች። ገና ከበቅሎ ሳትወርድ አማቴ ጊደር እየሳቡ ወጡ። ሚዜዎቹ ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ «ምን ነካቸው?» ተባባሉ። እርሳቸው ግን ገመዱን እጇ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ተናገሪ» አሏት።

ሙሽራዪቱ አፍራ አቀረቀረች።

«እባክሽ» አሏት አማቴ።