ልጄን ብቻ ያስወጣሁበት እሑድ

ፍኖተ ሰላም በምንኖርበት ግቢ አንዲት አያትና የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጎረቤቶቼ ነበሩ። የልጅቱ እናት ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ቴሌቪዥን ያለው እኔ ቤት ስለሆነ ልጅቱ እሑድ ከምሳ በኋላ እየመጣች ከልጄ ጋር ታያለች።

ያን ሰሞን ዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ ስደተኞችን ኑሮ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ተጀምሮ ነበር። እኔም ወድጄዋለሁ። አንድ እሑድ ድራማው ሊጀምር ሲል፣ ለልጆች የማይሆን ትዕይንት ስላለው ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ጽሑፍ ወጣ። አነበብኩት። ልጄን «ተነሺ፣ ጓሮ ውጪና ልብሱን አስጪ» ብዬ አስወጣኋት። የጎረቤቴን ልጅ ግን ዝም አልኳት። ረስቻት ነው ብል ደስ ባለኝ። አልረሳኋትም። የእኔ ልጅ አይደለችም፣ አያቷ ይወቁ ብዬ ነው። ደግሞም እሷን ለማስወጣት ስል ድራማው እንዳያመልጠኝ።

ድራማው ላይ አንዲት አሠሪ ተናዳ የሠራተኛዋን እጅ በካውያ ስታቃጥል አየን። ልጅቱ አላለቀሰችም። ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

በሳምንቱ አያቷ መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ምን እንደነካት እንጃ። እናቷ ስትደውል ስልኩን አልይዝም ብላ ትሸሻለች። እህልም አልወርድ ብሏታል። አንቺ ዘንድ ያስደነገጣት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ኧረ ምንም የለም እማማ፣ ናፍቆት ይሆናል» አልኳቸው።

አመኑኝ። ቡሬ አጠገብ ካለው ገጠር፣ ወንድማቸው ቤት ሆነው ጠበል ሊያስጠምቋት ይዘዋት ሄዱ። ክረምቱ ገና አልወጣም። በየማለዳው ያን ቀዝቃዛ ውኃ እንደምትጠመቅ እያወቅሁ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግሬ።

አያቷ ደጅ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ልጅቱ ጋቢ ተጠቅልላ ታስላለች። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ዋሽቼዎታለሁ» አልኩና ያየችውን ሁሉ ነገርኳቸው። የራሴን ልጅ ማስወጣቴንም አልደበቅኩም።

እጃቸው ከእሸቱ ላይ ቀረ።

«ያንቺይቱን አስወጣሻት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንኳን አስወጣሻት» አሉና መፈልፈላቸውን ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቷ በምስል ደወለች። አያቷ ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው ስልኩን ያዙላት።

«እማዬ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለች ልጅቱ።

እናቷ ሁለቱንም እጆቿን፣ መዳፉንም ጀርባውንም አገላብጣ አሳየቻት። «ምን ሆነ ብለሽ ነው፣ የኔ እመቤት?» ልጅቱ ያኔ ገና አለቀሰች። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤትም ግቢው ውስጥ ስለታሰረው ጥጃም ብዙ አወሩ።

በመጨረሻ እናቷ እኔን ጠየቀች። ስልኩን ይዤ ፈቀቅ አልኩ። የሆነውን ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት።

«ድራማውን እኛም እዚህ እናየዋለን፣ እትዬ» አለችኝ። «ልጄ ግን እዚህ ሕፃን እንደምይዝ ብቻ ነው የምታውቀው። እንደዚያው ትወቀው።»

ሌላ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ሲመለሱ ልጅቱ እህል ትበላለች፣ ከእናቷም ጋር ታወራለች። እሑድ ግን እኛ ቤት መምጣቱን ተወችው። ልጄ ለምን እንደቀረች ደጋግማ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት።

«ታዲያ ሁለታችንንም አታስወጪንም ነበር?» አለችኝ።