የልጄ እንጥል አልወረደም ነበር

ረመዳን ነበር። ልጄ ሐያት ኮምቦልቻ ከምትሠራበት ፋብሪካ ስትመለስ ምራቋን በሶፍት እየተፋች ገባች። ፆሟ እንዳይበላሽባት የምትጠነቀቅ መሰለኝ። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉና ደስ አለኝ። የመግሪብ አዛን ሲል ማፍጠሪያ ውሃ ሰጠኋት። ውሃው በአፍንጫዋ ተመለሰ።

አፏን ክፈቺ አልኳት። አልከፈት አለ። በጠባቡ ክፍተት በስልኬ መብራት ሳይ እንጥሏ ወደ ግራ ተጋድሟል። ትኩሳት አላት። ድምፅዋም ትኩስ ጉርሻ እንደጎረሰ ሰው ሆኗል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ አዩና፣ “እንጥሏ ወርዷል። ቢስቲማ ከተማ እጁ የቀለለ እንጥል ቆራጭ አለ” አሉኝ።

“የእርስዎንም እሱ ነው የቆረጠው?”

“የእኔማ ቢቆረጥ ይህን ሁሉ አወራ ነበር?”

ሲነጋ መነኸሪያ ሄድን። የቢስቲማው መኪና ሊነሳ ነው። ሐያት እጄን ያዘች። “ደሴ፣ እማ” አለች። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ደሴ ሆስፒታል ወጣን።

ሐኪሙ ምላሷን ተጭኖ አየ።

“እናቴ፣ እንጥሏ ጤነኛ ነው። በቀኝ ቶንሲሏ ዙሪያ መግል ተጠራቅሞ ገፍቶት ነው። ፔሪቶንሲላር አብሰስ እንለዋለን።”

“ቢቆረጥስ?”

“መግሉ እዚያው ይቀራል። ደም ይጨመርበታል።”

የጉሮሮ እብጠት ሁሉ መግል አይደለም፣ ዕጢም የደም ሥርም ሊሆን ይችላል አለኝ። ስለዚህ አደንዝዞ መጀመሪያ በመርፌ ሳበ። ቢጫ መግል መጣ። ከዚያ ሰነጠቀው። ሸተተኝ። ደም አየሁ። የማውቀው ዱዓ ሁሉ ጠፋብኝ። ቢስሚላህ ብቻ ቀረኝ።

“አብሽሪ ሐያት፣ አይዞሽ፣ ትፊው” አላት። ተፋች። ደግማ ተፋች።

ከዚያ በኋላ ግሉኮስና አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ እየተሰጣት ተኛን፤ አፏ ቀስ በቀስ ተከፈተ፣ ሾርባ መዋጥ ጀመረች፣ ፆሜ ቀረ ብላ ስታለቅስም ለበሽተኛ እንደተፈቀደና ስትድን ያለፏትን ቀናት ፆማ ቀዷ እንደምታወጣ እየነገርኩ አባበልኳት።

ልጃችሁ ምራቋን መዋጥ ካቃታት፣ አፏ አልከፈት ካለ፣ ድምፅዋ ከተለወጠ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት አትጠብቁ። እንጥሏ ተጋድሞ ብታዩም አታስቆርጡት፤ የገፋውን ነገር ሐኪም ይፈልገው።

አልሐምዱሊላህ፣ ሐያት ድናለች። እኔ ግን ግራ እንደተጋባሁ የሐኪሙን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ከሆስፒታሉ ወጣሁ። በየሶላቴ “ያንን ሐኪም” እያልኩ ዱዓ አደርግለታለሁ። አላህ ማንን እንደምል ያውቃል።