የዘበኛው ቀኝ እግር

ሸዋሮቢት፣ ዋናው አስፋልት ዳር ካለው ሆቴል በር ላይ ዘበኛው የሚጠለልበት አንድ ዛፍ ብቻ አለ። ዛሬ አንዲት ቅንጡ ጥቁር የኤሌክትሪክ መኪና መጥታ ጥላው ስር ቆመች፤ እሱም በርጩማውን ይዞ ወደ ፀሐይ ወጣ።

በሩ ዳር ማንጎ የምትሸጠው ናፊሳ ዘበኛውን ማየት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ስሙን ግን አታውቅም። የምታውቀው ስታናግረው ቀኝ ጆሮውን እንደሚያዞርላት፣ በዚህ ሙቀት እንኳ የካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ እንደሚቆልፍ ነው።

ዘበኛው ጣውንቷን እንደምትመረምር ሴት መኪናዋን ዞራት፤ ጎንበስ ብሎም ሆዷን አየ።

«ስታያት ከፍ ያለች ትመስላለች እንጂ ከመሬት መች ራቀች! የዚህ የቀወት ገጠር መንገድ ድንጋይ ሆዷን ይዘረግፈዋል። ጎማዋም ስስ ነው። ደግሞ በዚህ ቆላ ጥቁር ቀለም! አንድ ሽቦ ቢበጠስባት እስከ አዲስ አበባ የሚነካት መካኒክ የለም።»

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ደግ ነገር እንኳ የላትም?»

ዘበኛው መስታወቷ ላይ ያረፈውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

«ድምፅ የላትም» አለ በመጨረሻ። «የእኔን ግራ ጆሮ የበላው የጭነት መኪና ሞተር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነዳው። የዚህች ባለቤት ግን እየነዳ የሚስቱን ሹክሹክታ ይሰማል።»

የመኪናዋ ባለቤት ምሳውን በልቶ ወጣ። መኪናዋ ኮሽ ሳትል ተንቀሳቀሰች። ጥላው ተለቀቀ፤ ዘበኛው ግን ከፀሐዩ አልተነሳም። ናፊሳ ወደ እግሩ አየች። መኪናዋ እየራቀች ስትሄድ፣ ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደሚይዝ ሾፌር አፈሩን አጥብቆ ረግጧል።