ከጾሙ በፊት የሞቀው ክር

ምሳው አስማረ ሰቆጣ ገበያ ዳር ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የሶላር ባትሪ መጠገን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራው ንጹሕ ነው። የፈታውን ብሎን በፈታበት ተራ ይደረድራል፤ ያልገባውን ዕቃ አይነካም፤ "ነገ ና" ካለ ነገ ነው።

አባቱ ግን ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። አዲስ አበባ፣ ስልሳ ሰው በሚቀመጥበት ኦርኬስትራ ውስጥ፣ ከፊተኛው ረድፍ። በ1966 ኦርኬስትራው አንድ ረጅም ሙዚቃ በሪል ቴፕ ቀዳ። መሀል ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና የአስማረ ቫዮሊን ብቻውን አራት ደቂቃ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት የመኪና አደጋ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣት ወሰደ። ቫዮሊኑን ለጓደኛ ሰጥተው፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ አመተ ሥላሴን ይዘው ሰቆጣ ገቡና የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ምሳው የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። አባቱ ሲጫወቱ አንድ ቀን አልሰማም። እሳቸውም ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው።

ከሣጥናቸው ግርጌ ያ ሪል ነበር። ዋጋውን ምሳው ያወቀው ሶስና ከአዲስ አበባ ስትደውል ነው። ሶስና የድሮ የኦርኬስትራ ቅጂዎችን እየፈለገች፣ እያጸዳች እንደገና የምታሳትም ባለሙያ ናት።

"ጋሽ ምሳው፣ እዚህ የነበረው ቅጂ ላይ ሌላ ነገር ተቀድቶበታል። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው። እባክዎ ዝም ብለው እንዳያጫውቱት!"

"ቢጫወት ምን ይሆናል?"

"የዚያ ዘመን የቴፕ ክር እርጥበት ይጠጣል። ድምፁን የሚያነበው የማጫወቻው ሄድ ላይ ይለጠፍና ድምፁ ያለበት ቡናማ ቅብ ይላጣል። መጀመሪያ ይሞቅ፤ በሃምሳ አራት ዲግሪ፣ ለስምንት ሰዓት። ከዚያ በሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ በወር ውስጥ መቀዳት አለበት። ካለፈ ተመልሶ ይጣበቃል። ሁለተኛ ማሞቅ አንዳንዴ ያድነዋል፣ አንዳንዴ ይገድለዋል።"

ምሳው ሁሉን በደብተር ጻፈ። ሪሉ ወደ እሷ እንዳይላክ እናቱ ከለከሉ፤ "መኪና አንዴ ጎድቶብኛል፤ ሁለተኛ አላሳፍረውም" አሉ። ስለዚህ ሶስና ማጫወቻውንና መቅጃውን በአውቶብስ ላከችለት።

ማሞቂያውን ራሱ ሠራ። ለጥገና ያመጣው ሰው ጥሎት የቀረ የእንቁላል መፈልፈያ ነበረው፤ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቴርሞስታቱን ቀየረ፣ ማራገቢያ ጨመረ፣ ባዶ ክር አስገብቶ ሦስት ጊዜ ሞከረው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው የሻምበል በበሩ ብቅ ይልበታል።

"ቫዮሊኑ ስንት ጫጩት ፈለፈለ?"

"ሃያ አንድ ቀን ጠብቅ።"

"ወንዱን ለእኔ አስቀምጥ፤ ለፋሲካ ነው!"

ሐሙስ ዕለት ሪሉ ሞቆ ወጣ። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ሐሳቡ ክሩ አንድ ቀን በርዶ ቅዳሜ ሊቀዳው፣ እሁድ በቅበላው ለእናቱ ሊያሰማ ነበር። ዓርብ ጠዋት በከተማው ሁሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ፍለጋ ዞረ፤ ያገኘው ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። በእንደዚህ ያለው ቢቀዳ ድምፁም አብሮ ይዋዥቃል፤ መለሰው። መብራት የመጣው ረቡዕ ነው፤ ሁዳዴ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የቄስ ልጅ ናቸው። በሁዳዴ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንኳ ዝም ይላል፤ እሳቸው ቤት ሬዲዮም አይከፈትም።

"እማ፣ መብራት መጥቷል። ድምፁ ሳይወጣ በሽቦ ብቻ ልቅዳው?"

"አንተስ? በጆሮህ አትሰማም?"

"ለቁጥጥር ያህል ነው።"

"ለቁጥጥር! አባትህ ሁዳዴ ሲገባ ቫዮሊኑን እቤት አይነካውም ነበር፤ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ነው የሚከተው። ሃምሳ ዓመት የጠበቅሁ ሴት ሃምሳ ቀን ያቅተኛል? ለፋሲካ አብረን እንሰማዋለን።"

ምሳው ስለ ቀነ ገደቡ ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጋው። ከባልሽና ከጾምሽ አንዱን ምረጪ ማለት መሰለው። ደግሞም በራሱ ሒሳብ ተማመነ፦ የሰቆጣ አየር ደረቅ ነው፤ ከጫማ ካርቶን ካጠራቀማቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር በላስቲክ ቢታሸግ ሁለት ወር ይቆያል።

ሶስና ደወለች። "ጾም ነው፤ እየጠበቅን ነው" አላት።

"እናትዎ ጊዜው እንደሚያልፍበት ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ።"

በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸው ያን ጊዜ ነው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የበልግ ዝናብ ዘጠኝ ቀን ጣለ። ላስቲኩን ከፍቶ ለማየት ፈራ።

ፋሲካ ዕለት ከምሳ በኋላ እናቱ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። ምሳው መቅጃውን ከፈተ፣ ሪሉን ሰካ። ኦርኬስትራው ተነሣ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየ አይመስልም፤ ሱቁን ሞላው።

"ይሄ እሱ አይደለም" አሉ እናቱ ፈገግ ብለው። "እሱ ገና ነው፤ ቆይ።"

አርባ ሰከንድ ሄደ። ከዚያ ክሩ ጮኸ፤ ሪሉ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ሄዱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ተለጥፏል። በአልኮል ጠርጎ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ እየላጠ መጣ። በማግስቱ እንደገና አሞቀው። ቅቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣና ክሩ እንደ መስታወት አሳልፎ የሚያሳይ ባዶ ላስቲክ ሆኖ ቀረ።

"አርጅቶ ነው፣ እማ" አላቸው።

"እህ። ማን ያላረጀ አለ" አሉ።

በሳምንቱ፣ ለዳግም ትንሣኤ፣ የነፍስ አባታቸው አባ ቢያዝን ሊጠይቋቸው መጡ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ነገሩን አጫወቷቸው፤ ጾሙን ጠብቀው መቆየታቸውንም ጨምረው።

አባ ቢያዝን ግራ ተጋቡ። "መቅዳቱ የልጁ ሥራ አይደለም እንዴ? ከሥራ ጹሙ ያለ ማን ነው? እሱ ቀድቶ ቢያስቀምጠውና አንቺ ለፋሲካ ብትሰሚው ምን ነበረበት? ምነው ሳትጠይቂኝ?"

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ቢዘገይ እንደሚበላሽ ታውቅ ነበር?"

ምሳው እጁን እያየ፣ "አውቅ ነበር" አለ።

"አልነገርከኝም።"

"ጾምሽን እንዳላስፈርስሽ ብዬ ነው።"

"አባ ዘንድ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፣ ምሳው። ብትነግረኝ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር።" አሉ። "እኔስ ደግ፤ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። አንተ ነህ እኮ ያልሰማኸው።"

ሶስና አርባ ሰከንዷን ከሌሎች ቅጂዎች ጋር ልታሳትማት ወሰነች፤ የሚሞላ ቅጽም ላከችለት። በተጫዋቹ ቦታ የአባቱን ሙሉ ስም ጻፈ። "ቀሪው የጠፋበት ምክንያት" በሚለው ሥር ደግሞ እንዲህ ሲል ሞላ፦ "ከሞቀ በኋላ ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ያቆየው ልጁ ነው።"

ሶስና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላውጣት ወይ ብላ ደወለች።

"አትወጣም" አላት።