የበረሃው መኪና ካዛንቺስ ላይ

ካዛንቺስ ላይ ያንን መኪና የማያውቅ የለም። ግንባሩ ላይ የመብራት መዓት ተደርድሯል፤ ጣሪያው ላይ አካፋና የውሃ ጀሪካን ታስሯል። ጎማውን ግን ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ባለቤቱ ሁልጊዜ ሱፍ ከነክራቫቱ የሚለብሱ አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ኡራኤል ጋ፣ ዝናብ እየጣለ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመባቸው። ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። እሳቸው ግን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ፈገግ ብለው ወረዱ። ከሱፋቸው ኪስ ፒንሳና ፊውዝ አውጥተው ኮፈኑን ሲከፍቱ ጃንጥላዬን ያዝኩላቸው።

"ፋዘር፣ በቃ ገፋ እናድርግልዎት?" አለ አንድ የታክሲ ሹፌር።

"አይገፋም! መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፊውዙ፣ ከዚያ ገመዱ ይታያል" አሉት።

ጥፋተኛው ተገኘ። ለበረሃ ጉዞ ብለው ራሳቸው ያስጨመሩት መብራት ገመዱ ተልጦ ዋናውን ፊውዝ አቃጥሎታል። ገመዱን ነቅለው ፊውዙን ቀየሩ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ "ለመሆኑ በረሃ ሄደው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"አንድ ጊዜ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። አፋር ውስጥ መኪናችን ቆመ። የተቃጠለው ፊውዝ ብቻ ነበር፤ መለዋወጫ ግን አልያዝንም። ሰው ሲደርስልን ውሃችን ካለቀ ቆይቷል።" ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉት። "እሱን እዚያው ቀበርኩት።"

ጃንጥላዬን አጠፍኩ። ሞተሩ ሲነሳ በሩን ከፈቱልኝ።

"ግባ ልጄ፣ በሰበስክ እኮ። የት ላድርስህ?"

"ሜክሲኮ።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። ሜክሲኮ አደባባይ እኮ ከኡራኤል አንድ ታክሲ ብቻ ነው።

"እሱስ ሩቅ ነው" አሉኝ።