ለማን እንደማበራው ያላወቅሁት ሻማ

ትናንት ማታ እዚህ ጣሊያን፣ የጥንት ሮማ ወታደር የራስ ቁር ደፍቼ፣ የእንጨት ሰይፍ ታጥቄ በቆምኩበት በር፣ መቃብር ልትሳለም የመጣች አንዲት የአገሬን ሴት መለስኳት።

የጥንት ሮማውያንን ልብስ ለብሰን ታሪክን በትርኢት የምናሳይ ጡረተኞች፣ በሃሎዊን፣ በፈረንጆቹ የመናፍስት ምሽት፣ ጭንብል ያጠለቁ ጎረምሶች ሐውልት እንዳይሰብሩ፣ አሮጌውን መካነ መቃብር ስንጠብቅ ማደራችን ነበር፤ ጉልበቴን ላየ ግን ጠባቂ የሚያሻው እኔን ነው።

በጣሊያንኛ «ተዘግቷል» ብላት «ወይ እመቤቴ!» አለች፤ በአማርኛ ደገምኩላት።

«ጉድ! ይህም ወታደር የእኛ ሰው ነው? አባባ፣ ሻማ ብቻ አብርቼ ልውጣ። ዘጠኝ ዓመት አጥቤ፣ አጉርሼ የሸኘኋት ሲኞራ፣ አሮጊቷ እመቤቴ ናት። ነገ የቅዱሳን በዓል ስለሆነ ልጆቿ መቃብሯ ላይ ይመጣሉ፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል።»

«ከመሸ ማንም አይገባም ተብለናል፣ ልጄ። ነገ ከሰዓት ነይ።»

«ነገማ ሥራ ነኝ። አሎራ፣ እንግዲያው እርስዎ ያብሩላት» ብላ ሻማውን በእጄ አስጨብጣ፣ ወደ መጨረሻው አውቶቡስ ሮጠች።

ዕድሜዬን ሙሉ በላቲን ከተጻፈባቸው ድንጋዮች ላይ የሙታንን ስም እየለቀምኩ ሳስተምር የኖርኩት እኔ፣ የዚያችን ሟች ስም አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላ ነበር።

እስኪነጋ በመቃብሮቹ መካከል ተንከራትቼ፣ ሻማውን ሳላበራ ይዤው ቤቴ ገባሁ፤ ይኸው ከፊቴ ተቀምጧል።

ይህችን ሴት የምታውቁ፣ ሲኞራዋ ማን እንደነበረች ጠይቃችሁ ንገሩኝ። እናንተም አስታማችሁት፣ በቀብሩ ዕለት ግን እንደ ባዳ የታያችሁበት ሟች ካለ፣ እባካችሁ ከነስሙ ጻፉልኝ።