በደስታው ስም

ሔለን መቀመጥ የማትወድ ሴት ናት። ከደብረ ማርቆስ ወረታ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት አንድ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ያያት ሰው ካለ ይቅረብና ይመስክር። በሩዝ አምራች ገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ባለሙያ ማለት ያው፣ ማተሚያው ወረቀት ሲውጥ የምትጠራ፣ መብራት ሲሄድ የምትወቀስ ማለት ነው። ቢሮዋን ቆልፋ ትወጣለች፣ አስፋልቱን ተሻግራ ትመለሳለች፣ እጀታውን ትነቀንቃለች። ዘበኛው ይርዳው "በሩን ልትገነጥይው ነው እንዴ?" እያለ ያሾፍባታል።

ከአምና ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ምክንያቱን ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ፊት ግን የሚያነሣው የለም።

አምና በሰኔ፣ የዘር እደላው ሲደርስ፣ ቁሐር ሚካኤል ከሚባለው መንደር የእመት አምሳል ስም ከዝርዝሩ ጠፋ። ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን ከሚያሳድጉባት ከአንዲት ማሳ በቀር ምንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ስም ከሌለ ዘር የለም፤ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ዝናቡ ገባ፣ ማሳቸውም ጦሙን አደረ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሔለን ኮምፒውተሩን አይታ እንድትመሰክር ታዘዘችና አይታ መሰከረች፤ "ስማቸው የተሰረዘው በደስታው መግቢያ ነው።" መግቢያ ማለት ኮምፒውተሩ ሰውን የሚያውቅበት ስምና የይለፍ ቃል ነው። ደስታው መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ እሱም የቁሐር ልጅ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። "እኔ አልነካሁም" አለ፤ ከዚያ በላይ መናገር አያውቅበትም። በሳምንቱ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ሔለን ያን ቀን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። የዚያ ቢሮ ሰው የይለፍ ቃሉ ደብሩ ነው። እያንዳንዱ ክርስትና የተነሣበትን ታቦት ይጽፍና በወር የሚታሰብበትን ቀን ይቀጥልበታል፤ ሚካኤል ዐሥራ ሁለት፣ ማርያም ሃያ አንድ፣ መድኃኔዓለም ሃያ ሰባት። የማን ደብር የት እንደሆነ ደግሞ እዚያ አገር ሕፃኑም ያውቃል። ስለዚህ በደስታው ስም ለመግባት ደስታውን መሆን አያስፈልግም ነበር። ይህን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። የተጠየቀችውን መለሰች፣ ወጣች። እንቅልፍም ወንበርም የከዳት ከዚያ ወዲያ ነው።

ዘንድሮ ቆርጣ ተነሣች። ሴክኤዲት የምትባል የኮምፒውተር መሣሪያ አለች። በጣት የሚነካ ሥዕል፣ የሚጫን ቁልፍ ነገር የላትም፤ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዙን በፊደል መጻፍ ነው። የማሽኑ ጥበቃ እንዴት እንዲሆን እንደተፈለገ በአንድ ፋይል ይሰፍራል፤ መሣሪያዋ ማሽኑን ከፋይሉ ጋር ታስተያይና የተለየውን ትዘረዝራለች፣ ከታዘዘች ደግሞ ሁሉንም በአንዴ ታስተካክላለች። ሔለን አንድ ቅዳሜ ከማሽን ማሽን እየዞረች ስትጽፍ ዋለች። የይለፍ ቃል እንዲረዝም፣ አምስት ጊዜ የተሳሳተበት መግቢያ እንዲቆለፍ፣ ማን ከየትኛው ማሽን እንደሞከረ እንዲመዘገብ አደረገች። የዘር ዝርዝሩን ከእሷ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ዘጋችው። ለክፉ ቀን ብላ አንድ ትርፍ መግቢያ አበጀችና ቃሉን በፖስታ አሽጋ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ የኔነህ ሰጠች።

ቢሮው አጉረመረመ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ገበያው እንኳ፣ ሁሉም እንደ አባት የሚወዳቸው ሰው፣ "ልጄ፣ እኛ የምናድለው ዘር ነው፤ ወህኒ ቤት አደረግሽን እኮ" አሏት። ሔለን ሳቀች፣ ግን ቁጥጥሩን አላላላችውም።

የእደላው ዕለት ጧት ይፋግ ከተማ ነበረች፤ የዩኒየኑ አባል የሆነው የዚያ ማኅበር ማሽን ተበላሽቶ። በሦስት ሰዓት እመለሳለሁ ብላ ሄዳ፣ አራት ሰዓት ሆኖም ታክሲው አልሞላ ብሏታል። ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ገበያው ናቸው።

"ኮምፒውተሩ መግቢያሽ ተቆልፏል ይለኛል። የቁሐር ሰው ግቢውን ሞልቶታል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ዝናቡ ከጣለ በዚያ ጭቃ አህያ አይሄድም፤ ኧረ ቶሎ በይ።"

የአምናው ሰው ተመልሶ መጣ፣ አለች ሔለን በልቧ። ደስታው ግን ከሄደ ዓመቱ ነው። ታዲያ ማነው? "የጎደለውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳው" አለችው ሾፌሩን። እስከ ወረታ ድረስ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጣ እንደ ቆመ ሰው ነው የመጣችው።

እመት አምሳል ከሰልፉ ፊት ነበሩ። "ዘንድሮስ አለሁ?" አሏት።

"አሉ እመት፣ አይስጉ" ብላቸው ወደ ውስጥ ሮጠች።

አቶ የኔነህ ፖስታውን ቀደዱ፤ በትርፉ መግቢያ ገብታ ቁልፉን ፈታችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዝርዝሩ ታተመ፣ የእመት አምሳል ስም በቦታው አለ፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተንፍሶ ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን የሙከራውን መዝገብ ከፈተች። አምስት ሙከራ፣ አምስቱም ከመጋዘኑ ማሽን። የመጋዘኑ ማሽን ላይ ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር የሚቀመጥ የለም። ወደ መጋዘኑ ሄደች።

"ጋሽ ገበያው፣ በእኔ ስም ሊገቡ የሞከሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኛ" አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ። "ሰው ቆሞ እያየሁ ምን ላድርግ? ያንቺን ደብር ማን ያውቀዋል። የማርቆስ አገር ሰው ናት ብዬ ማርቆስ ሠላሳ አልሁ፤ እንቢ። ማርያምን አልሁ፤ እንቢ። ጊዮርጊስም እንቢ። ያንቺስ ክፉ ነው። የደስታው እኮ በአንድ ጊዜ ነው የተከፈተልኝ፣ የቁሐር ልጅ ከሚካኤል ሌላ..."

ጆንያ የያዘው እጃቸው ባለበት ቀረ።

"መቼ ነው የተከፈተልዎት?"

"አምና" አሉ። "የእህቴ ልጅ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ነበር፣ ላቃናው ብዬ ገባሁ። ሌላ መስመር መንካቴን በታቦቱ አላወቅሁም። እመት አምሳል ሲያለቅሱ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ደግሞ አንቺ ደስታው ነው ብለሻል። ኮምፒውተሩ እንዲህ ካለ እኔ ምን እላለሁ አልሁ። ጡረታዬ ቀርቦ ነበር፤ ፈራሁ።"

ሔለን አፏን ከፈተች። "እኔ ደስታው ነው አላልሁም፣ በደስታው መግቢያ ነው ያልሁት" ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ አስጠላት። እንዲህ ያለ እፍረት በዕድሜዋ አፍራ አታውቅም።

ሁለቱም አቶ የኔነህ ቢሮ ገቡ። ጋሽ ገበያው የራሳቸውን ተናገሩ፣ እሷም ያወቀችውን ሳትናገር መቅረቷን ተናገረች። ከዚያ እዚያው ቆማ ደስታው ጋ ደወለች። ደስታው አሁን የሰው ትራክተር ይነዳል፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ እስክትለው ድረስ ሰማት።

"ሥራውን ተይው" አለ። "ለእመት አምሳል ብቻ ንገሪልኝ።"

ግቢ ወጣች። እመት አምሳል ጆንያቸውን አህያ ላይ ሊያስጭኑ ነው። የቁሐር ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እመት፣ አምና ስምዎን ያጠፋው ደስታው አይደለም። እሱ ነው የተባለው በእኔ ምስክርነት ነው፤ በድዬዋለሁ" አለች።

ዝናቡ መጣል ጀምሯል። ሰዉ ጫኑ ጫኑ ይላል። እመት አምሳል ግን ጆንያውን መሬት አስቀምጠው ቆሙ።

"ኅዳር ላይ ከወንድሙ ማሳ ያጨደውን ሩዝ ተሸክሞ ደጄ መጥቶ ነበር" አሉ። "ቤቴ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። የሌባ እህል ልጆቼ አይበሉም ብዬ ከነሸክሙ መለስሁት።"